በአንድ ሽቦ የሚያልፍ መልዕክት፦ የሲሪያል ፖርት አሠራርና የምልክት ልወጣ

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ዘጠኝ ፒን ያለውን የቀድሞ መሰኪያ ከጎኑ ቢፈልግ አያገኘውም። ሲሪያል ፖርት የሚባለው ይህ መገናኛ በቤት ኮምፒዩተሮች ላይ ቦታውን ለዩኤስቢ ከለቀቀ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአንጻሩ በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ በላቦራቶሪ መሣሪያዎች፣ በኤሌክትሮኒክ ሚዛኖችና በኔትወርክ ዕቃዎች ላይ ዛሬም ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በውድ ዋጋ የተገዛ ጤነኛ መሣሪያ አዲሱን ኮምፒዩተር የሚያናግርበት መንገድ በማጣቱ ብቻ እንደተበላሸ ተቆጥሮ መጋዘን ይገባል። ሽቦውን እንደነገሩ አገናኝቶ ሊያሠራው የሚሞክር ሰው ደግሞ ደኅናውን ሰርኪዩት ሊያቃጥለው ይችላል።

ሲሪያል ማለት ተከታታይ ማለት ነው። ኮምፒዩተር መረጃን የሚይዘው በባይት ሲሆን አንዱ ባይት ስምንት ቢቶች፣ ማለትም ስምንት የዜሮና የአንድ ምልክቶች አሉት። እነዚህን በስምንት ሽቦዎች ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ መላክ ይቻላል። ሲሪያል ፖርት ግን ሰው ጠባብ ድልድይን ተራ በተራ እንደሚሻገር ሁሉ በአንድ ሽቦ አንድ በአንድ ያሳልፋቸዋል። ይህን የሚያከናውነው ዩአርት የተባለ የሰርኪዩት ክፍል ነው። ዩአርት ከስምንቱ ቢቶች ፊት መጀመሪያውን የሚያበስር መነሻ ቢት፣ ከኋላ ደግሞ መዝጊያ ቢት ስለሚጨምር አንድ ባይት በተለመደው ቅንብር አሥር ቢት ሆኖ ይጓዛል።

በላኪውና በተቀባዩ መካከል የጋራ ሰዓት የለም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በፍጥነቱ ላይ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። በሰከንድ 9600 ቢት ላይ ከተስማሙ የእያንዳንዱ ቢት ዕድሜ 104 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ተቀባዩ የመነሻ ቢቱን ሲያይ የራሱን ሰዓት ያስነሣል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቢት መሐል ለመሐል ያነብባል። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ወደ 5 በመቶ ከተጠጋ ንባቡ ወደ ጎረቤት ቢት ይሻገራል። በስክሪን ላይ ትርጉም የለሽ ፊደላት ሲዝረከረኩ ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የፍጥነት ቅንብሩን የሚፈትሹት ለዚህ ነው።

የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ ከላቲኑ ይልቅ ይከብዳል። በዩ ቲ ኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 የእንግሊዝኛ ፊደላት ሊያልፉ ሲችሉ የአማርኛው ቁጥር 320 ብቻ ይሆናል። ፖርቱ በሰባት ቢት እንዲሠራ ከተቀናበረ ደግሞ እንግሊዝኛው በደኅና ሲደርስ አማርኛው ፈጽሞ ይበላሻል።

የአሠራሩ ሥር ከኮምፒዩተር ይልቅ ይርቃል። የፍጥነት መለኪያው ባውድ የተሰየመው በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ባውዶ ነው። በኢትዮጵያም የአማርኛ ቴሌፕሪንተርን በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የደከሙበት መሣሪያ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቴሌፕሪንተሮችን ከሞደም ጋር ለማገናኘት አር ኤስ 232 የተሰኘው ደረጃ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ በ1960 ነበር።

ደረጃው ረጅም ገመድ የሚያነሣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ለመቋቋም ሰፊ የቮልቴጅ ልዩነት መረጠ። በተቀባዩ ዘንድ ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭ ዜሮን ሲወክል፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጋቲቭ አንድን ይወክላል። በመካከል ያለው ትርጉም አልተሰጠውም። የዛሬዎቹ ማይክሮኮንትሮለሮች ግን ኔጋቲቭ ቮልት አያውቁም፤ ለእነርሱ ዜሮ ማለት 0 ቮልት፣ አንድ ማለት 5 ወይም 3.3 ቮልት ነው። ሁለቱ ወገኖች የቢቶቹን ሰልፍ በተመሳሳይ መንገድ ቢረዱም ቮልቴጃቸው አይገናኝም። እንዲያውም ይገለባበጣል፤ በአንዱ ዘንድ ከፍ ያለው በሌላው ዘንድ ዝቅ ያለ ነው። በቀጥታ የተገናኘ ቺፕ ከመቃጠል ቢተርፍ እንኳ የሚያነብበው ተገላቢጦሹን ነው።

በመካከል የሚገባው ለዋጭ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። በሰፊው የሚታወቀው ማክስ 232 የተባለው ቺፕ ከ5 ቮልት ብቻ ተነሥቶ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 10 ቮልት ገደማ ያመነጫል። ዘዴው ብልሃት ያለበት ነው። ቺፑ አንድ ካፓሲተር በ5 ቮልት ይሞላና በኃይል ምንጩ ላይ ይደርበዋል፤ ድምሩ 10 ይሆናል። ቀጥሎ ያንኑ 10 ቮልት በሌላ ካፓሲተር ይዞ ጫፎቹን ያገላብጣቸዋል፤ ኔጋቲቩም ይገኛል። ይህን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል። ለ3.3 ቮልት ሰርኪዩት ማክስ 3232 የተባለው ተመራጭ ነው።

ገበያ ላይ ግን ገዢን የሚያሳስት ነገር አለ። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚለውጡ ገመዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንዱ አር ኤስ 232 ቮልቴጅ፣ ሌላው 5 ወይም 3.3 ቮልት ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጫፉ ዘጠኝ ፒን ሲሆን የሁለተኛው የተበተኑ ነጠላ ሽቦዎች ናቸው፤ ሻጩ ሁለቱንም በአንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል።

መሣሪያው የትኛውን እንደሚፈልግ ለማወቅ ተራ የቮልት መለኪያ ይበቃል። መሣሪያው በርቶ መልዕክት ሳይልክ፣ የመለኪያው ጥቁር ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ማለትም በዘጠኝ ፒኑ መሰኪያ ላይ ፒን 5 ላይ ይደረጋል። ቀዩ በፒን 2 እና በፒን 3 ላይ በየተራ ይነካል። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከ5 እስከ 12 ቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ከተነበበ መስመሩ አር ኤስ 232 ነው፤ ያም ፒን የመሣሪያው መላኪያ ስለሆነ ከኮምፒዩተሩ መቀበያ ጋር ይገናኛል። ፖዘቲቭ 3.3 ወይም 5 ከታየ ሁለተኛው ዓይነት ገመድ ያስፈልጋል። በሁለቱም ሁኔታ ግራውንድ ከግራውንድ ጋር ካልተገናኘ መልዕክቱ በአግባቡ አይደርስም።