85 ግራም ከየት መጣ?

የዘካት ነገር በተነሳ ቁጥር የወርቅ ኒሳብ 85 ግራም፣ የብር ደግሞ 595 ግራም ነው ሲባል ትሰማላችሁ። በሐዲስ የተነገረን ግን 20 ዲናርና 200 ዲርሀም ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ግራም የሚባል መለኪያ አልነበረም። ታዲያ ዲናሩ ወደ ግራም የተለወጠው በምን ተመዝኖ ነው?

መልሱ በከፊል የሚገኘው በየሙዚየሙ በተቀመጡ ጥንታዊ ገንዘቦች ላይ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በሒጃዝ ይገበያዩበት የነበረው የወርቅ ዲናር ከሩም፣ የብር ዲርሀም ከፋርስ የመጣ ነበር። በሩሙ ወርቅ ላይ የንጉሡ ምስልና መስቀል፣ በፋርሱ ብር ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥና የእሳት መሠዊያ ነበረበት። ሙስሊሞች ፋርስን ከከፈቱ በኋላም ያንኑ መልክ ሳይለውጡ በጠርዙ ላይ "ቢስሚላህ" እየጨመሩ ለዓመታት ሠርተውበታል። ከእነዚህ ዲርሀሞች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። የእሳት መሠዊያና ቢስሚላህ ባንድ ገንዘብ ላይ ሲታዩ ያስገርማል።

ለውጡ የመጣው በኡመውያው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ቢን መርዋን ዘመን ነው። በ77 ዓመተ ሂጅራ (በ696/97 እ.ኤ.አ.) ምንም ምስል የሌለበት ዲናር አስመታ። ከእነዚህ ዲናሮች አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንድ ገጹ መሐል ከሊመቱ ተውሂድ፣ በጀርባው ከሱረቱል ኢኽላስ የተወሰደ ቃል፣ ዙሪያውን ደግሞ የተመታበት ዓመት ተጽፎበታል። ኸሊፋው የራሱን ስም እንኳ አላስጻፈበትም።

ለዘካት ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ክብደቱ ነው። ሳይሸራረፉና ሳያልቁ የቆዩት ዲናሮች ሲመዘኑ 4.25 ግራም ገደማ ይሆናሉ። ሃያ ጊዜ ሲባዛ 85 ይመጣል። ዑለማዎች አሥር ዲርሀም የሰባት ሚስቃል ክብደት እንዳለው ስለተስማሙ የአንዱ ዲርሀም ክብደት 2.975 ግራም፣ የ200ው ደግሞ 595 ግራም ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም መንገድ ነበር። የቀድሞ የፊቅህ መጻሕፍት ሚስቃልን በገብስ ፍሬ ይለኩታል፤ አብዛኞቹ 72 ፍሬ፣ ሐነፊዮች 100 ፍሬ ይላሉ። ገብስ ግን እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ ይከብዳል፣ ይቀልላል። በህንድና በፓኪስታን ያሉ ሐነፊዮች ኒሳቡን 87.48 ግራም ወርቅና 612.36 ግራም ብር የሚያደርጉት ስሌታቸው ከሌላ መነሻ ስለተነሳ ነው። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዷዊ ስለ ዘካት በጻፉት ሰፊ መጽሐፍ በሙዚየም የተቀመጡትን ዲናሮች ክብደት መርጠዋል። እኔም ይህ ይበልጥ ያሳምነኛል። ከዚህም በላይ በግብፅ ገንዘብ ይመዘንባቸው የነበሩ የመስታወት ሚዛኖች ተገኝተዋል፤ መስታወት ደግሞ አይዝግም፣ በእጅ ብዛትም እንደ ወርቅ አያልቅም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። 85 ግራም የሚባለው ንጹሕ ወርቅ ነው። 21 ካራት ከሆነ 97 ግራም ከጥቂት፣ 18 ካራት ከሆነ 113 ግራም ከጥቂት ሲሞላ ነው ኒሳብ የሚደርሰው። ለጌጥ በሚለበሰው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ዘካት አለበት ሲሉ ሻፊዒዮች በተለመደው ልክ ለሚለበስ ጌጥ የለበትም ይላሉ። እህቶቻችን የሚከተሉትን መዝሀብ ዓሊም ይጠይቁ።

በአገራችን በብዙ ቤት ከአያት የወረደ ጠገራ ብር በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። "ጌጥም አይደል፣ አይመነዘርም" ተብሎ ይረሳል። የአንዱ ማርትሬዛ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 26 ጠገራ ብር ያለው ሰው የብር ኒሳብ ሞልቶለታል፤ ዓመት ከዞረበትም ከአርባ አንድ እጁን ያወጣል። ሌላ ብር ወይም ጥሬ ገንዘብ ካለውም አብሮ ይደምር።