የጻፉትን ማንበብ ያቃታቸው ሰው

በጥቅምት 1887 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጨርቅ ነጋዴ ድንገት ማንበብ አቃታቸው። የመነጽር ጉዳይ መስሏቸው የዓይን ሐኪሙ ኤድሙንድ ላንዶልት ዘንድ ሄዱ። በቀኝ በኩል ያለውን ማየት ከመቸገራቸው በቀር ዓይናቸው ደህና ነው። ፊደል ሲያሳዩአቸው ግን አንዱን የሥዕል ሸራ ማቆሚያ፣ ሌላውን እባብ፣ ሌላውን የቀበቶ ዘለበት ይመስላል ይላሉ እንጂ ስሙን አይጠሩም። ብዕር ቢሰጧቸው የተነገራቸውን አሳምረው ይጽፋሉ፤ ቆይቶ የገዛ ጽሑፋቸውን ሲያቀርቡላቸው ማንበብ አይችሉም። ቁጥር ያነባሉ፣ ሒሳብም ይሠራሉ። የፊደሉን ቅርጽ በእጃቸው ተከትለው ሲስሉት ደግሞ ስሙ ይመጣላቸዋል!

ነገሩን የፈታው የነርቭ ሐኪሙ ዥዩል ደዠሪን ነው። ነጋዴው ማንበብ ካሳጣቸው ስትሮክ ሌላ ስትሮክ ደርሶባቸው በ1892 ሲሞቱ አንጎላቸው ተመረመረ። በግራው የአንጎል ክፍል ከኋላ ያለው የእይታ ቦታ ተጎድቷል፤ ቀኝና ግራውን የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይም የኋላ ጫፉ ተበላሽቷል። ስለዚህ ቀኙ ፊደሉን ያያል፣ ያየውን ግን በአብዛኞቻችን በግራ በኩል ላለው የቋንቋ ክፍል ማድረስ አይችልም። የእጅ እንቅስቃሴ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ መልእክቱ ይደርሳል። ሕመሙ ንጹሕ አሌክሲያ ይባላል፤ ከልጅነት ጀምሮ ከሚታየው ዲስሌክሲያ የሚለየው ማንበብ የሚችልን ሰው መያዙ ነው።

የንባብ ጉዳት ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1966 ጆን ማርሻልና ፍሬዳ ኒውኮምብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላቱ ስለቆሰለ እንግሊዛዊ ወታደር ጻፉ። ካናሪ የምትባለዋን ወፍ ስም አስነበቡት፤ «በቀቀን» አለ። ድምፁን ስቶ ትርጉሙ አጠገብ ደረሰ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ድምፁን እያወጡ የሚያነቡ፣ እንደ ፊደሉ የማይነበብ ቃል ሲገጥማቸው ግን የሚሳሳቱ ሕሙማን። ከነዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎች አንጎል በድምፅም በትርጉምም እንደሚያነብ ይናገራሉ። የኛ ፊደል ለድምፅ መንገዱ የተመቸ ነው፤ ሆኖም መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» የሚለውን በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ለመለየት ትርጉም የግድ ይገባበታል።

የፓሪሱ ነጋዴ የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው አያስገርምም፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንባቢ የሆነ ሰው ድንገት ፊደል ከጠፋበት ስትሮክ ሊሆን ይችላልና መነጽር ቤት አትውሰዱት፤ ሰዓት ሳታባክኑ ሆስፒታል አድርሱት።