ከመወልወያው በኋላ የሚመጣ ብርሃን

የእስራኤሏ ከተማ ያቭነ የራሷ አጠቃላይ ሆስፒታል ስለሌላት፣ ነዋሪዎቿ ተኝተው መታከም ሲኖርባቸው ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ረሆቮት ወደሚገኘው ካፕላን ወይም እ.ኤ.አ. በ2017 አሽዶድ ውስጥ ወደተከፈተው አሱታ ሆስፒታል ነው። አንድ ታማሚ ወደ ቤቱ ሲመለስ አልጋው ወዲያው ለሌላ ይሰጣል፤ የአልጋው ብረት፣ የነርስ መጥሪያውና የመጸዳጃ ቤቱ እጀታ በሚገባ ካልተጸዱ ግን በእነርሱ ላይ የቀሩት ባክቴሪያዎች ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ሳይሞቱ ቆይተው ወደ ተተኪው ይተላለፋሉ። ታማሚው ይዞት ያልመጣው፣ ሕክምና ላይ ሳለ የሚይዘው እንዲህ ያለ በሽታ ሆስፒታል ወለድ ኢንፌክሽን ይባላል፤ ክፍሎችን በአልትራቫዮሌት ጨረር ማጽዳትም ይህንኑ ለመከላከል የታሰበ ዘዴ ነው።

አልትራቫዮሌት ከሐምራዊ ብርሃን ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው። የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል ዳውንስና ብለንት የተባሉ እንግሊዛውያን በ1877 ቢያሳዩም፣ ከሁሉ ይልቅ ተሕዋስያንን የሚያጠፋውን ክፍል የምድር ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው ሆስፒታሎች በመብራት ያመነጩታል። የተለመደው የሜርኩሪ መብራት የሚሰጠው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ጨረር የተሕዋሲውን የዘር መመሪያ የያዘውን ዲኤንኤ ያበላሸዋል፤ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ታይሚን የተባሉ ክፍሎች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው፣ ተሕዋሲው ራሱን አባዝቶ መራባት ያቅተዋል።

ይሁን እንጂ ጨረሩ የሚሠራው በቀጥታ ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ከአልጋው ሥር፣ ከመጋረጃው እጥፋት ወይም ከደረቀ ደም በታች ያለው ባክቴሪያ ከጥላ ውስጥ ሆኖ ያመልጣል፤ ከመብራቱ በራቀ መጠንም ኃይሉ በፍጥነት ይዳከማል። ስለዚህ ሠራተኛው ክፍሉን አስቀድሞ ወልውሎ ይጨርሳል፣ መሣሪያውም ከአንድ በላይ ቦታ እየቆመ ይበራል። ጨረሩ ዓይንንና ቆዳን ስለሚጎዳ በዚህ ጊዜ ክፍሉ ባዶ፣ በሩም ዝግ መሆን አለበት።

በአሜሪካ በ9 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በተለመደው ማጽጃ ላይ ጨረር ሲታከል መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ወደ ተተኪው ታማሚ መተላለፋቸው 30 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ በተመለከተ ግን፣ ክፍሉ በበረኪና ከተጸዳ በኋላ ጨረር መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

እስራኤል ራሷ ያለፈችበት ፈተና ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። በ2006 አብዛኞቹን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋም ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በሀገሪቱ ሆስፒታሎች ተዛመተ፤ እስከ መጋቢት 2007 መጨረሻ ድረስም በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ታማሚዎች ተይዘው ነበር። የጤና ሚኒስቴር ታማሚዎቹ ለብቻቸው እንዲተኙ፣ የራሳቸው ነርሶች እንዲመደቡላቸውና እያንዳንዱ ሆስፒታል በየጊዜው ሪፖርት እንዲያደርግ አዘዘ፤ ታማሚዎች በሆስፒታል በሚተኙባቸው 100,000 ቀናት በወር 55.5 የነበረው የአዲስ ተያዦች መጠንም እስከ ግንቦት 2008 ወደ 11.7 ወረደ። ይህን ውጤት ያመጣው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሥርዓት ነበር፤ ጨረሩም ደካማ ጽዳትን የሚሸፍን ሳይሆን ጥሩ ጽዳትን የሚያጠናክር ተጨማሪ መከላከያ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ግዴታ በሆነበት በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ሥርዓት ጠያቂንም ይመለከታል። ጠያቂው ሲገባም ሲወጣም እጁን ያጽዳ፤ በሩ ላይ የጨረር ማስጠንቀቂያ ካየም ሠራተኛው እስኪፈቅድለት ድረስ በሩን አይክፈት።