ዲዛይን ለመማር የግድ ላፕቶፕ ያስፈልጋል? ከስልክ ቦርድና ከሽቦ ጥበብ የሚሠራው ኤልያስ ስሜ

የስልክ ቦርድ ከቅርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ጊዳ አያናም ሆነ ነቀምቴ አንዱ የሞባይል ጥገና ቤት ጎራ በሉና የተጣለ አንድ ቦርድ አንስታችሁ እዩት። አረንጓዴ ሜዳ፣ መንገድ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ ቤት የሚመስሉ ጥቋቁር ካሬዎች... በቃ ከአውሮፕላን ላይ የታየ ከተማ ነው። ይህን ነገር ሥራው ያደረገ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ኤልያስ ስሜ ይባላል።

እሱን የመረጥነው በምክንያት ነው። ዲዛይን መማር እየፈለጉ «ላፕቶፕ የለኝም፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል» ብለው የሚተዉ ልጆች ብዙ ናቸው። ችግሩ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳል? ሐሳባችሁን ሁሉ የምትለቅሙት ከፒንተረስትና ከቲክቶክ ከሆነ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። ዛሬ «አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት» በሚባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ግራፊክ ዲዛይን ተምሮ በ1990 ተመረቀ። ግን ሎጎና ፖስተር ሲሠራ አልኖረም። መርፌና ክር ይዞ ሸራ ላይ መስፋት፣ የልብስ ቁልፍ መደርደር ያዘ። አዎ፣ ስፌት! ብዙ ወንዶች «የሴት ሥራ ነው» ብለው የሚሸሹት ስፌት።

ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ መጣ። ቦርዱን፣ የኪቦርድ ቁልፉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከመርካቶ ይሰበስባል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉንና እንጨት ላይ ያያይዘዋል። ቀለሙ የሽቦው የራሱ ቀለም ነው። ከሩቅ ስታዩት የእርሻ ማሳ ወይም የጥበብ ጥለት ይመስላችኋል፤ ጠጋ ስትሉ ግን ሽቦ ብቻ ነው። ብዙዎቹን ሥራዎች «ታይትሮፕ» ይላቸዋል፤ የተወጠረ ገመድ ማለት ነው። ስልክ ያቀራርበናል፣ ያራርቀናልም፤ ኤልያስ የሚያሳየው በሁለቱ መሀል ሚዛን ጠብቆ መሄድን ነው። በ2019 ከአሜሪካው ስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት አገኘ፤ በ2020 ደግሞ ለሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ።

ለወለጋ ልጅ የበለጠ ቅርብ የሚሆነው ግን ሌላኛው ምንጩ ይመስለናል፦ ጭቃ። ኤልያስ ከአንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ዞማ ሙዚየምን መሠረተ፤ በ2019 ተከፈተ። ቤቶቹ በጭቃና ጭድ የተመረጉ ናቸው፤ ግድግዳቸው ላይ ደግሞ በእጅ የወጣ ጌጥ አለ። ቤት ሲመረግ ያላየ፣ ምናልባትም ጭቃ ያላቦካ የገጠር ልጅ የለም። እኛ ኋላቀር ነው ብለን በብሎኬት የምንቀይረውን እነሱ ሙዚየም ሠሩበት።

መሞከር የምትፈልጉ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጡ። የተቆረጠ የቻርጀር ገመድ ይሁን፣ የጠርሙስ ክዳን ይሁን። ብዙ ሰብስቡና በቀለምና በመጠን ለዩት፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። ከዚያ በተለያየ መንገድ ደርድሩትና እያንዳንዱን በቀን ብርሃን፣ ከላይ ወደ ታች በስልካችሁ አንሱት። አሥር የተለያየ አደራደር ካላችሁ ፖርትፎሊዮ ጀምራችኋል ማለት ነው፤ ይህን ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያበጠ ባትሪ እንዳትነኩ፣ ሊቃጠል ይችላል። መዳብ ለማውጣት ብላችሁ ሽቦ አታቃጥሉ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ቦርድ ላይ ያለው ብየዳ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ነክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ትንንሽ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ።