«5,000 ብር ጨመሩልኝ!» ኪስ የሚገባው ስንቱ ነው?

ላፍቶ የሚኖር የሂሳብ ሠራተኛ 20,000 ብሩን ትቶ ቦሌ 25,000 ብር ወደሚከፍል ድርጅት ሊሻገር ነው እንበል። ወዳጆቹ «እንኳን ደስ ያለህ!» ማለታቸው አይቀርም። እስቲ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከጭማሪው 1,750 ብር ለግብር፣ 350 ብር ለጡረታ ሄዶ እጁ የሚገባው 2,900 ብር ብቻ ነው። የላፍቶ ቦሌ ታክሲ ገና አልተነሳም! አሠሪው ደግሞ የራሱን 11 በመቶ ጡረታ ደርቦ 5,550 ብር ያወጣል።

እንግዲህ «የተጣራው ስንት ነው? ሰርቪስስ አለ?» ብሎ መከራከር ነውር አይደለም። የዓመት ፈቃዱም ቢሆን በአዲሱ ቤት ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በአገልግሎት ያከማቸው ጭማሪ ቀን አብሮት አይሻገርም። ይህ ሁሉ የሚነሳው ከፊርማ በፊት ነው። እስከ 60 የሥራ ቀን በሚዘልቀው የሙከራ ጊዜማ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።