አራሷን ማን ጠየቃት?

አራስ ጥየቃ የማይሄድ የባሕር ዳር ሰው የለም። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ ይቀርባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየተዘዋወረ አፍንጫው የማን እንደሆነ ይመረመራል። እናቲቱ ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞር ግን «ደክሟት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

«ምነው ልጄ፣ ገንፎው አልጣመሽም?»

«ጥሞኛል፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«እንጃ። ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ብርድ ገብቶሽ ነው» ይባላል፤ «ዓይን ነው» ይባላል፤ አለዚያም «እግዜር ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ? ነውር ነው!» ይባላል። ከሁሉም የሚጎዳው የመጨረሻው ነው፤ ሴቲቱ ዳግመኛ አፏን እንዳትከፍት ያደርጋታልና።

በወለዱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ ያለ ምክንያት ማልቀስና ሆድ መባስ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል። በእርግዝና ጊዜ ከፍ ብለው የቆዩት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በድንገት ይቀንሳሉ፤ በዚህም ላይ የምጡ ድካምና የእንቅልፍ እጦት ይጨመርበታል። ይህ ዓይነቱ ስሜት በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ሁለት ሳምንት አልፎም ሐዘኑ ካልለቀቃት፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ «እኔ እናት ለመሆን አልበቃም» እያለች ራሷን ከወቀሰች፣ ለልጄ ፍቅር አልመጣልኝም ብላ ከሠጋች፣ ወይም ይሞትብኛል በማለት ሌሊቱን ሙሉ እስትንፋሱን ስታዳምጥ ካነጋች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ 100 ሴቶች መካከል 20 የሚጠጉት ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ጤና መታወክ፣ በተለይም ድባቴ፣ ይደርስባቸዋል።

ቀድሞ ድባቴ የነበረባት፣ ሳታስበው ያረገዘች፣ ባሏ የሚደበድባት፣ ኑሮ የከበዳት ወይም ረዳት ያጣች ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። በእኛ ከተማ ረዳት ማጣት የሚመጣበትን መንገድ እናውቀዋለን። እናት ቅቤና ማር ይዛ ከጣና ማዶ በጀልባ፣ አለዚያም ከአቸፈር በአውቶቡስ መጥታ ልጇን ታርሳለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ እንግዳው ይበተናል፤ አያትም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጨርሶ ያልመጣች አያት አለች። አሮጌው ወግ አራስ ብቻዋን አትደር፣ ከራስጌዋም ብረት አይጥፋ ይላል። ብረቱ ምን እንደሚሠራ አናውቅም፤ ከአጠገቧ ሰው አለመጥፋቱ ግን በእርግጥ ይጠቅማታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ዕረፍት ከነደመወዝ ይፈቅዳል። ሦስቱ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገንፎ ማገንፋት ለመልመድ እንኳ አይበቃም። ስለሆነም አባት ከፈረቃው ሲመለስ ማታውን ይጠቀምበት፤ ሚስቱ አጥብታ ስትጨርስ ሕፃኑን ተቀብሎ ያስገሣው፣ ሽንት ጨርቁን ይለውጥ፣ እሷም አራትና አምስት ሰዓት ያለማቋረጥ ትተኛ።

ሐኪም ፊት ለመቅረብ አመቺው ጊዜ የ45 ቀኑ ክትባት ነው። በዚያ ቀን ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይመረመራል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ባይኖር እናቲቱ ራሷ ትናገር። እ.ኤ.አ. በ1987 የብሪታንያው የአእምሮ ሐኪም ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ያወጡት የ10 ጥያቄዎች መለኪያ አለ። ኮክስ ከዚያ ቀደም በኡጋንዳ እርጉዝ ሴቶችን ያጠና ሰው ነው። ጥያቄዎቹ ባለፉት 7 ቀናት መሳቅ ችላ እንደሆነ፣ ራሷን ያለ አግባብ ወቅሳ እንደሆነ፣ ራሷን ስለመጉዳት አስባ እንደሆነ የሚጠይቁ ናቸው። በአዲስ አበባም በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል።

ቀለል ላለው ድባቴ ከባለሙያ ጋር በየጊዜው መነጋገርና የቤተሰብ እገዛ ሊበቃ ይችላል። ለጠናው መድኃኒት አለው። «መድኃኒት ከጀመርኩ ጡት ማስጣሌ ነው» ብለው የሚቀሩ እናቶች አሉ፤ ሐኪሙ እያጠባች መሆኗን ካወቀ ግን ከጡት ጋር የሚሄደውን ይመርጥላታል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃልና በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ መጣል አይገባም። ጸበል የምትጠመቅም ብትሆን መድኃኒቷን አታቋርጥ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ መመርመር ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሠፈሩ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ። ከ1,000 ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቷ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እንቅልፍ ፈጽሞ አጥተው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማሉ፣ የማይያያዝ ነገር ይናገራሉ፣ ሕፃኑን በጥርጣሬ ያያሉ። እንዲህ ስትሆን፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ስትል፣ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተው፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ ሕፃኑንም የሚይዝ ሰው አብሯት ይሂድ።