«ባቲ ባቲ» ያለበት፣ ግን ብዙም ያልተወራለት አልበም

«ሙዚቃዊ ስልት»ን ስሙን የማታውቁት እንኳ ዜማውን ሰምታችሁታል። የዛው ሰው፣ የኃይሉ መርጊያ፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል? ዛሬ ስለሱ እናወራለን፤ ወሎንም የሚነካ ነገር አለው።

መቼ ተቀዳ?
እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበትን «ቼ በለው»ን አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፎበታል። ዋልያስ ያኔ የሒልተን ሆቴል ባንድ ነው። ዘመኑ የቀይ ሽብርና የሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ክለብ የገባ ሰው የሚወጣው ሲነጋ ነው፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። በ1978 ኃይሉ ከግዮን ሆቴሉ ዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዳ። በ1981 ደግሞ ዋልያስ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዛው ቀሩ። አልበሙ እንግዲህ የተሠራው ዋልያስ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ከመበታተኑ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

ምን ይለየዋል?
በአብዛኛው በመሣሪያ የተቀነባበረ ነው። የኃይሉ ኦርጋን የዘፋኙን ቦታ ይዞ ዜማውን ይመራል፤ ዳህላኮች ደግሞ ሳይቸኩሉ ከሥር ያጅቡታል። እንደ «ቼ በለው» ወዲያው አይዝም፣ ሁለት ሦስቴ መስማት ይፈልጋል።

ከዘፈኖቹ አንዱ «ባቲ ባቲ» ነው። ባቲን ለናንተ አንነግራችሁም፤ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የሰኞ ገበያዋን ማን የማያውቅ አለ? ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የዚሁ የኛ አካባቢ ስም ናቸው። ቅኝት ማለት አምስት ድምፆች የሚደረደሩበት መንገድ ነው። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ሲቀየር ስሜቱም ይቀየራል። ግጥም ሳይኖር እንኳ «ይሄማ የወሎ ነው» የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ተረሳ?
አንደኛ፣ ዘፋኝ የለውም። እኛ ሙዚቃን የምናስታውሰው በዘፋኙ ስም ነው፤ ከኋላ የሚጫወተውን ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የወጣው በካሴት ነው። ካሴት ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ቤት ይገባል፣ ግን ክሩ ይበላሻል፣ ይቀዳበታል፣ በመጨረሻም ይጣላል።

ኃይሉ ራሱ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለዓመታት ከመድረክ ጠፍቶ ነበር። የመለሰው አንድ ካሴት ነው። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የኃይሉን ሌላ ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘና በ2013 እንደገና አሳተመው። «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ተከተለ። ከዛ ኃይሉ የውጭ አገር መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ሠራ።

ባሕር ዳር የተገኘው ደሴና ኮምቦልቻ የማይገኝበት ምክንያት የለም። አልጋ ሥር ያለውን የወላጆቻችሁን የካሴት ካርቶን እስኪ አውጡት። ክሩ የተጣበቀ ከመሰላችሁ በግድ አታጫውቱ፤ ከፀሐይና ከስፒከር አርቁት። ደህና የሆነውን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኬብል ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይቻላል። ሽፋኑን ፎቶ አንሱት፣ የተጫዋቾቹን ስም ጻፉ። ብርቅ ነገር ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ አብረን እናጣራለን።